4,294,967,297ን በእጃችን እንተንትነው፦ ከ6,542 ሙከራ ወደ አንድ

አራት ቢሊዮን ሁለት መቶ ዘጠና አራት ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ዘጠና ሰባት። ይህን ቁጥር ከ1 እና ከራሱ ሌላ ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ቁጥር አለ? ለመመለስ ኮምፒውተር አያስፈልግም። ወረቀት፣ እስክሪብቶና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል። በዚህ መመሪያ መልሱን አብረን እናገኛለን፤ መልሱ ትክክል ስለመሆኑም ራሳችን ማረጋገጫ እንሠራለን።

ቁጥሩን የመረጥኩት በዘፈቀደ አይደለም። ፒየር ዴ ፌርማ የሚባል የቱሉዝ የሕግ ሰው ነበር፤ ሒሳብ የሚሠራው በትርፍ ጊዜው ነው። በ1640 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ስለ አንድ የቁጥሮች ሰልፍ ለወዳጆቹ ጻፈ፦ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537... ሰልፉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ብቸኛ ቁጥሮች፣ ማለትም ፕራይም (ከ1 እና ከራሳቸው ሌላ የሚያካፍላቸው የሌለ) ናቸው ብሎ አመነ። የጠቀስኳቸው አምስቱ በእርግጥም ብቸኛ ናቸው። ስድስተኛው የኛ ቁጥር ነው። ወደ ዘጠና ዓመት ገደማ የፌርማን እምነት ያፈረሰ ሰው አልተገኘም። በ1729 ክርስቲያን ጎልድባህ ጉዳዩን በደብዳቤ ለወጣቱ የሒሳብ ሊቅ ሊዮናርድ ኦይለር አነሳበት። ኦይለር በ1732፣ ገና በ25 ዓመቱ፣ ሴንት ፒተርስበርግ ሆኖ ቁጥሩን ወደ አካፋዮቹ በተነው። እኛም የሱን ዱካ ተከትለን፣ ከሱ በኋላ የተገኘ አንድ አቋራጭ ጨምረን እንሄዳለን።

ከመጀመራችን በፊት፦ ቀሪን በካልኩሌተር ማግኘት

የስልክ ካልኩሌተር ሲያካፍል ነጥብ ያለው ቁጥር ይሰጣል። እኛ የምንፈልገው ቀሪውን ነው። ዘዴው ቀላል ነው። ካካፈላችሁ በኋላ ከነጥቡ በፊት ያለውን ሙሉ ቁጥር ብቻ ውሰዱ። በአካፋዩ አባዙት። ውጤቱን ከመጀመሪያው ቁጥር ቀንሱ። የተረፈው ቀሪው ነው። እዚህ መመሪያ ውስጥ ከሁሉም በላይ የምትጠቀሙበት ይህንኑ ነው።

ደረጃ 1፦ ቁጥሩ እንዴት እንደተሠራ እወቁ

ትልቅ ቁጥር ሲገጥማችሁ ወዲያው ማካፈል አትጀምሩ። መጀመሪያ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። የኛው እንዲህ ነው የተሠራው። 2ን በራሱ አባዙ፤ 4። 4ን በራሱ፤ 16። ከዚያ 256፣ ከዚያ 65,536፣ ከዚያ 4,294,967,296። በመጨረሻ 1 ጨምሩ፤ የፌርማ ሰልፍ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው፣ 2 + 1፣ 4 + 1፣ 16 + 1 እያለ። ማለትም ቁጥራችን 2³² + 1 ነው።

ይቺ አጭር ቀመር ከአስሩ አኃዞች የበለጠ ትነግረናለች። ቀጥሎ የምናገኘው ሁሉ የሚመጣው ከሷ ነው።

ደረጃ 2፦ ቀላሎቹን ፈተናዎች ጨርሱ

የመጨረሻው አኃዝ 7 ስለሆነ 2 እና 5 አያካፍሉትም። አኃዞቹ ሲደመሩ 59 ይሆናሉ፤ 59 ለ3 ስለማይካፈል ቁጥሩም አይካፈልም።

ለ7፣ ለ11 እና ለ13 በአንድ ጊዜ የሚሠራ ፈተና አለ። ቁጥሩን ከቀኝ ጀምራችሁ በሦስት በሦስት አኃዝ ክፈሉት፣ ከዚያ አንዱን ደምሩ፣ ቀጣዩን ቀንሱ፦

297 − 967 + 294 − 4 = −380

380 ለ7 ሲካፈል 2፣ ለ11 ሲካፈል 6፣ ለ13 ሲካፈል 3 ይተርፋል። ስለዚህ ሦስቱም አያካፍሉትም። ፈተናው የሚሠራው 7 × 11 × 13 = 1,001 ስለሆነ ነው። ለማንኛውም ትልቅ ቁጥር ያገለግላል፤ በቃል ያዙት።

ደረጃ 3፦ እስከ የት እንደምትፈልጉ ወስኑ

አንድ ቁጥር የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ ትንሹ ከስኩዌር ሩቱ አይበልጥም። ሁለቱም ከስኩዌር ሩቱ ቢበልጡ ብዜታቸው ከቁጥሩ ያልፍ ነበር። የኛ ቁጥር ስኩዌር ሩት ከ65,536 እጅግ በጥቂቱ ይበልጣል፤ 65,536 በራሱ ሲባዛ ከቁጥራችን የሚያንሰው በ1 ብቻ ነው። ስለዚህ እስከ 65,536 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ሞክረን አንዱም ካላካፈለው ብቸኛ ነው።

እነዚህ ብቸኛ ቁጥሮች 6,542 ናቸው። አንዱን ማካፈል አንድ ደቂቃ ቢፈጅ፣ ሳይተኙና ሳይበሉ አራት ቀን ተኩል ያስኬዳል። ይሄ ደግሞ የብቸኛ ቁጥሮቹን ዝርዝር ማዘጋጀትን ሳይጨምር ነው። ሌላ መንገድ ያስፈልገናል።

ደረጃ 4፦ ተጠርጣሪዎቹን ቀንሱ

የጉዳዩ ልብ እዚህ ጋ ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ቁጥራችንን የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር አለ እንበልና «ቀ» እንበለው። ቀ 2³² + 1ን ያለ ቀሪ ካካፈለ፣ 2³² ለብቻው ለቀ ሲካፈል ሙሉ ለመሆን 1 ይጎድለዋል። ይህን «ቀሪው −1 ነው» እንላለን። −1 በራሱ ሲባዛ 1 ነው። ስለዚህ የ2⁶⁴ ቀሪ 1 ይሆናል።

አሁን 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያልን ስንሄድ የሚተርፉትን ቀሪዎች አስቡ። ቀሪው 1 ላይ ሲደርስ ነገሩ እንደገና ከመጀመሪያው ይዞራል። የዙሩ ርዝመት 64ን ማካፈል አለበት፤ እንግዲህ ከ1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እና 64 አንዱ ነው። 32 ወይም ከዚያ በታች ቢሆን ግን 2³² ላይ ቀሪው 1 ይሆን ነበር፤ እኛ ደግሞ −1 መሆኑን አይተናል። ስለዚህ ዙሩ ልክ 64 ነው።

ፌርማ ራሱ ያገኘው አንድ ሕግ አለ፤ «የፌርማ ትንሹ ቴዎረም» ይባላል። ቀ ከ2 ሌላ ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር ከሆነ፣ 2 ቀ−1 ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ለቀ ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። ይህ የሚሆነው ቀ−1 የዙሩ ርዝመት ብዜት ሲሆን ብቻ ነው። በአጭሩ፣ ቀ ማለት የ64 ብዜት ሲደመር 1 ነው።

ተጠርጣሪዎቹ እንግዲህ እነዚህ ናቸው፦ 65፣ 129፣ 193፣ 257፣ 321፣ 385፣ 449፣ 513፣ 577፣ 641... ብቸኛ ያልሆኑትን ሰርዙ። 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ይቀራሉ። በዚህ መንገድ የሄደ ሰው አምስተኛው ሙከራው ላይ መልሱን ያገኛል። ፌርማ መሣሪያው በእጁ ነበር፤ ቴዎረሙ የሱ ነው። አምስት ማካፈል ብቻ ነበር የቀረው። በሒሳብ ታሪክ ውስጥ ከማውቃቸው ነገሮች ሁሉ እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው።

አሁን ደግሞ አቋራጩ። በ1878 ፈረንሳዊው ኤድዋር ሉካስ 64ን ወደ 128 ከፍ ማድረግ እንደሚቻል አሳየ። 2²⁴ − 2⁸ = 16,776,960ን ውሰዱ። በራሱ ሲባዛ 281,466,386,841,600 ይሆናል። ለቁጥራችን አካፍሉት፤ 65,534 ጊዜ ደርሶ 2 ይተርፋል። እንግዲህ በቀሪ ዓለም 16,776,960 የ2 ስኩዌር ሩት ሆኖ ይሠራል ማለት ነው። የ2 ዙር 64 ከሆነ የሱ ዙር 128 ነው። ስለዚህ ቀ የ128 ብዜት ሲደመር 1 መሆን አለበት።

ተጠርጣሪዎቹ 129፣ 257፣ 385፣ 513፣ 641 እያሉ ይቀጥላሉ። 129 = 3 × 43፣ 385 = 5 × 77፣ 513 = 27 × 19። ሦስቱ ወደቁ። የቀሩት 257 እና 641 ናቸው።

257ንም ሳናካፍል መጣል እንችላለን። ከቁጥራችን በፊት ያሉትን የሰልፉን አባላት አባዙ፦

3 × 5 × 17 × 257 × 65,537 = 4,294,967,295

ከቁጥራችን በ2 ብቻ ያነሰ ነው። 257 ይህን ያካፍላል። የኛንም ቢያካፍል ኖሮ ልዩነታቸውን፣ ማለትም 2ን ማካፈል ነበረበት። አይሆንም። 257 ወደቀ።

6,542 ሙከራ ነበረን። አሁን የመጀመሪያው ሙከራችን 641 ነው።

ደረጃ 5፦ አካፍሉ

ካልኩሌተሩን ተዉት፤ ይቺን በእጅ መሥራት ደስ ይላል።

4294 ለ641፦ 6 ጊዜ፣ ቀሪ 448።
9 አውርዱ፣ 4489፦ 7 ጊዜ፣ ቀሪ 2።
6 አውርዱ፣ 26፦ 0።
7 አውርዱ፣ 267፦ 0።
2 አውርዱ፣ 2672፦ 4 ጊዜ፣ ቀሪ 108።
9 አውርዱ፣ 1089፦ 1 ጊዜ፣ ቀሪ 448።
7 አውርዱ፣ 4487፦ 7 ጊዜ፣ ቀሪ 0።

ዜሮ! 4,294,967,297 = 641 × 6,700,417።

ምንም ሳናካፍል ይህንኑ ማሳየትም ይቻላል። 641ን በሁለት መንገድ ጻፉት፦

641 = 5 × 128 + 1
641 = 625 + 16 = 5⁴ + 2⁴

ከመጀመሪያው መስመር፣ 5 × 2⁷ ለ641 ሲካፈል ቀሪው −1 ነው። አራት ጊዜ በራሱ ስናባዛው 5⁴ × 2²⁸ ይሆናል፤ ቀሪውም 1። ከሁለተኛው መስመር ደግሞ 5⁴ እና −2⁴ አንድ ዓይነት ቀሪ አላቸው። በ5⁴ ቦታ −2⁴ን አስገቡ። −2³² ቀሪው 1 ሆነ፤ ማለትም የ2³² ቀሪ −1 ነው። 1 ስንጨምርበት ዜሮ። አለቀ። አሥር አኃዝ ያለው ቁጥር በሁለት መስመር ተረታ።

ደረጃ 6፦ የተረፈውንም መርምሩ

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያቆማል። 6,700,417 ራሱ ብቸኛ ነው ወይስ ገና ይበተናል? ይሄን ሳንመልስ ትንተናው አልተጠናቀቀም።

ስኩዌር ሩቱ በ2,588 እና በ2,589 መካከል ነው። 6,700,417ን የሚያካፍል ሁሉ ቁጥራችንንም ያካፍላል። ስለዚህ የ128 ሕግ እዚህም ይሠራል። ከ2,588 በታች ያሉት የ128 ብዜት ሲደመር 1 የሆኑ ቁጥሮች 20 ብቻ ናቸው። ከነሱ ብቸኛ የሆኑት አምስት፦ 257፣ 641፣ 769፣ 1,153 እና 1,409። ከላይ ባየነው ዘዴ ቀሪያቸውን አውጡ።

ለ257፦ ቀሪ 170።
ለ641፦ ቀሪ 44።
ለ769፦ ቀሪ 120።
ለ1,153፦ ቀሪ 334።
ለ1,409፦ ቀሪ 622።

አንዱም ዜሮ አልሆነም። 6,700,417 ብቸኛ ቁጥር ነው። ሚሊዮኖች ውስጥ ያለ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን በአምስት ማካፈል አረጋገጣችሁ። ያለ 128 ሕግ ከ300 በላይ ማካፈል ይጠብቃችሁ ነበር።

ደረጃ 7፦ ሁለት ካሬዎችን ፈልጉ

ቁጥሩ ከተተነተነ በኋላ የሚታይ አንድ ውበት አለ፤ እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይሄን ነው። ቁጥራችን 65,536² + 1² መሆኑን አይተናል። የሁለት ካሬዎች ድምር ነው። ብቸኛ ቁጥር ቢሆን ኖሮ እንዲህ የሚጻፍበት መንገድ አንድ ብቻ ይሆን ነበር። ስላልሆነ ሌላም አለ።

መጀመሪያ ሁለቱን አካፋዮች በካሬ ጻፏቸው፦

641 = 25² + 4²
6,700,417 = 2,556² + 409²

አሁን በመስቀለኛ አባዙ። 25 × 2,556 = 63,900 እና 4 × 409 = 1,636። ደግሞ 25 × 409 = 10,225 እና 4 × 2,556 = 10,224።

የመጀመሪያውን ጥንድ ደምሩ፣ ሁለተኛውን ቀንሱ፦ 65,536 እና 1። የምናውቀው ጥንድ መጣ። አሁን ገልብጡት፤ የመጀመሪያውን ቀንሱ፣ ሁለተኛውን ደምሩ፦ 62,264 እና 20,449።

62,264² = 3,876,805,696
20,449² = 418,161,601
ድምር = 4,294,967,297

10,225 እና 10,224 በ1 ብቻ መለያየታቸውን ልብ በሉ። የቁጥራችን «+1» የተደበቀው እዚያ ነው። 20,449 ደግሞ ራሱ 143² ነው።

መንገዱ ወደ ኋላም ይሠራል። አንድ ሰው 62,264 እና 20,449ን ብቻ ቢሰጣችሁ 641ን ማውጣት ትችላላችሁ። 65,536 − 62,264 = 3,272 እና 20,449 − 1 = 20,448፤ የጋራ ትልቁ አካፋያቸው 8 ነው። 65,536 + 62,264 = 127,800 እና 20,449 + 1 = 20,450፤ የጋራ ትልቁ አካፋያቸው 50 ነው። ግማሾቻቸውን ውሰዱ፣ 4 እና 25። 4² + 25² = 641።

ደረጃ 8፦ ከሐሰተኛ ፈተና ተጠንቀቁ

ትንሹን ቴዎረም እንደ መመርመሪያ መጠቀም የተለመደ ነው። 2ን በቁጥሩ ልክ ሲቀነስ 1 ጊዜ አባዝቶ ለቁጥሩ ማካፈል፤ ቀሪው 1 ካልሆነ ቁጥሩ ብቸኛ አይደለም። ቀሪው 1 ከሆነ ግን አትቸኩሉ።

የኛ ቁጥር ይህን ፈተና ያልፋል። 2⁶⁴ ቀሪው 1 ነው፤ ቁጥራችን ሲቀነስ 1 ማለትም 2³² ደግሞ የ64 ብዜት ነው። ስለዚህ ቀሪው 1 ይወጣል። ቁጥሩ ግን ብቸኛ አይደለም። እንዲህ ያለው በ2 ሐሰተኛ ብቸኛ ይባላል፤ የፌርማ ሰልፍ አባላት በሙሉ በ2 ሲፈተኑ ያልፋሉ።

መፍትሔው በ3 መፈተን ነው። ፔፒን የተባለ ፈረንሳዊ በ1877 ካሳየው ፈተና በመነሣት፣ ከ3 በኋላ ያለ የሰልፉ አባል ብቸኛ የሚሆነው 3ን በግማሹ ልክ (እዚህ ጋ 2³¹ ጊዜ) አባዝተን ስናካፍል ቀሪው −1 ሲሆን፣ ያኔም ብቻ ነው። 3ን በራሱ፣ ከዚያ የወጣውን እንደገና በራሱ እያባዛችሁ፣ በየመሐሉ ቀሪውን ብቻ እየያዛችሁ 31 ጊዜ ሂዱ። በመጨረሻ የሚወጣው 10,324,303 ነው። −1 ቢሆን ኖሮ 4,294,967,296 መውጣት ነበረበት። አካፋዩን ሳናውቅ እንኳ ብቸኛ አለመሆኑ ተረጋገጠ።

ደረጃ 9፦ ጎረቤቶቹን ተመልከቱ

በ2 የሚያንሰው 4,294,967,295 የአምስቱ የታወቁ የፌርማ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ነው። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጋውስ በ1796 ባለ 17 ጎን እኩል ቅርጽ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ መሣል እንደሚቻል አሳየ። ከዚያ በመጣው ሕግ መሠረት፣ ጎዶሎ ጎን ያለው እኩል ቅርጽ የሚሣለው የጎኖቹ ቁጥር ራሱ የፌርማ ብቸኛ ቁጥር ወይም የተለያዩ የፌርማ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ሲሆን ነው። ስለዚህ ጎኖቹ ጎዶሎ ቁጥር ከሆኑትና በማስመሪያና በኮምፓስ መሣል እንደሚቻል ከሚታወቁት ቅርጾች ሁሉ ትልቁ ባለ 4,294,967,295 ጎኑ ነው። የኛው ቁጥር ያህል ጎን ያለው ግን አይሣልም፤ 641 የሰልፉ አባል አይደለምና።

ይኸው ቁጥር ፍላሽ ዲስካችሁ ውስጥም አለ። በ«ፋት 32» የተፎረመተ ፍላሽ ከ4,294,967,295 ባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም። ትልቅ ፊልም ኮፒ ስታደርጉ ቦታ እያለ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። ባለ 32 ቢት ቦታ ከዚያ በላይ አይቆጥርም፤ የኛን ቁጥር ብትሰጡት 1 ብሎ ነው የሚይዘው። በሁለትዮሽ ሲጻፍ ቁጥራችን 1፣ ከዚያ 31 ዜሮ፣ ከዚያ 1 ነው፤ ከግራም ከቀኝም ያው ነው።

ቀጣዩ፦ በራሳችሁ ሞክሩት

ሰባተኛው የሰልፉ አባል 2⁶⁴ + 1 = 18,446,744,073,709,551,617 ነው። ፈረንሳዊው ፎርቱኔ ላንድሪ በ1880፣ በሰማንያዎቹ ዕድሜው ላይ ሆኖ፣ 274,177 እንደሚያካፍለው አሳተመ። አሁን ሕጉ 128 ሳይሆን 256 ነው፤ 274,177 = 1,071 × 256 + 1። ሃያ አኃዝ ያለውን ቁጥር ካልኩሌተራችሁ ባይችለውም ችግር የለም፤ በቀሪ ብቻ መሄድ ይቻላል።

65,536ን በራሱ አባዙና ለ274,177 አካፍሉ፤ ቀሪው 258,768 ነው። ይህ ለመሙላት 15,409 ይጎድለዋል፤ ስለዚህ በሱ ቦታ −15,409 ያዙ፣ ቁጥሩ ያነሰ ነው። 15,409 በራሱ ሲባዛ 237,437,281። ይህን ለ274,177 አካፍሉና ቀሪውን እዩ። 866 × 274,177 = 237,437,282 ነው፤ አንድ ብቻ ጎደለ። ቀሪው −1 ሆነ ማለት ነው፤ ሲደመር 1፣ ዜሮ።